ኮነቲከት አቬኑ ላይ አርብ ማታ፦ የዲሲ መጫኛና ማውረጃ ዞን በሹፌር ዓይን

ኮከቡን መጀመሪያ ልስጥና ልገላገል። ዋሽንግተን ዲሲ ማታ ማታ ለከፈተቻቸው የመጫኛና ማውረጃ ዞኖች ከ5 አራት። ለሎዲንግ ዞን፣ ማለትም የንግድ መኪኖች ዕቃ ለሚያወርዱበት ቦታ፣ ሦስት። ለቫሌት፣ የሬስቶራንት እንግዳን መኪና ተቀብሎ ለሚያቆመው አገልግሎት፣ ሁለት፣ እሱንም እኔ ራሴ ቫሌት ስለነበርኩ ሆዴ አልችል ብሎ ነው። ምክንያቱን ልናገር ነው፣ ትንሽ ይረዝማል። ሥራ ላይ ያላችሁ መብራት ላይ ቆማችሁ አታንብቡት፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

እዚህ ከተማ ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ቫሌት። ከዚያ ይኸው ኡበር። ዲሲ የኖረ አበሻ ይቺን መስመር ያውቃታል፤ እሱ ባይሄድባት ወንድሙ ሄዶባታል። ቫሌቱም ኡበሩም መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከእግረኛው መንገድ ሥር ባለችው፣ ሁላችንም «ከርብ» በምንላት፣ ስፋቷ አንድ መኪና በምታክል ጠባብ ቦታ። እንጀራችን እዚያች ላይ ስለሆነ ሕጓን ከመንጃ ፈቃድ ፈተናው በላይ አጥንቻታለሁ። ግማሹን በማንበብ፣ ግማሹን በትኬት፣ በቅጣት ወረቀት ማለቴ ነው።

ዞኑ እንዲህ ነው የጀመረው። (ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ ከኖርን ወዲህ ተበላሽተናል።) በ2017 ኦክቶበር ላይ ከተማው ከዱፖንት ሰርክል አደባባይ ወደ ታች የሚወርደውን የኮነቲከት አቬኑ ቁራጭ ለሙከራ ያዘ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ እሁድ ጠዋት፣ ከማታ 10 እስከ ንጋት 7 መኪና ማቆም ተከለከለ። ቦታው ሰው ለሚጭንና ለሚያወርድ ብቻ ሆነ። ሌላ ተአምር የለውም። ምልክት ተተከለ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ባርና ሬስቶራንት የበዛባቸው ሰፈሮችም እንዲህ ዓይነት ዞን ተሰጣቸው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ያየ ነው የሚያውቀው። ያ ሰፈር ባርና ክለብ ጎን ለጎን የተደረደረበት ነው። አርብና ቅዳሜ ሌሊት መጠጥ ቤቶቹ 3 ሰዓት ላይ ሲዘጉ ያ ሁሉ ሕዝብ አንዴ ይወጣል። ከርቡ ላይ ደግሞ ከምሽት ጀምሮ የቆሙ የግል መኪኖች ተደርድረዋል። እኛ የት እንቁም? መሀል መንገድ። አራቱን ፍሬቻ አብርተን ደብል ፓርክ። ከኋላ የታክሲ ክላክስ፣ ከፊት ሌላ ኡበር፣ በመሀል ጫማዋን በእጇ ይዛ በመኪኖቹ መካከል የምትሹለከለክ ልጅ። አንድ ሌሊት ተሳፋሪዬ በግራ በኩል በሩን ድንገት በረገደው። ከኋላ የመጣው ታክሲ በሩን የሳተው በጣት በምትቆጠር ነገር ነው። ልጁ ሞቅ ብሎት ስለነበር ምንም አላወቀም፣ «ደህና እደር ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ለአሥር ደቂቃ ያህል መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አሁን ያ የለም አልልም። ቀንሷል ግን፣ በጣም ቀንሷል። በቀኝ ትገባለህ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል በር ይከፈታል፣ ሰው ይወርዳል፣ ትወጣለህ። ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። አንድ መኪና ማታ 10 ላይ ቆሞ እስከ ጠዋት 7 ቢያድር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው ተጠቀመ። በዚያው ቦታ እያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ ብንቆም በሰዓት 20 መኪና ያስተናግዳል። «ፓርኪንግ ወሰዱብን» እያለ የሚያማርር ሰው ሲያጋጥመኝ ይሄን ነው የምነግረው። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያማርረው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ኡበር ዲሲ የገባው በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። በ2012 ጃንዋሪ የከተማው የታክሲ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሮን ሊንተን ራሳቸው ኡበር ጠሩና ሜይፍላወር ሆቴል ድረስ ሄዱበት። እዚያ ሲደርሱ መኪናው ተያዘ፣ ሹፌሩም ተቀጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምክር ቤቱ ሕግ አወጣለትና ነገሩ ሕጋዊ ሆነ። ሜይፍላወር የት ነው ያለው? ኮነቲከት አቬኑ ላይ። ማለትም ሹፌር የተያዘበት መንገድ ላይ፣ ከጥቂት ብሎክ በኋላ፣ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ያው ከተማ «ኑ እዚህ ቁሙ» ብሎ ምልክት ተከለልን። የድሮ የታክሲ ሹፌሮቻችን ይሄን ሲሰሙ የሚያደርጉትን የራስ መነቅነቅ ብታዩት። እነሱ በ2008 በተሻገሩት የከተማ ክልል ከሚታሰበው የዞን ሒሳብ ወደ ሜትር ሲገቡ የከፈሉትን ያውቃሉ።

ታዲያ አንዷ ኮከብ ለምን ቀረች? ፒኑ ነዋ፣ ተሳፋሪው የት እንደሚጠብቅ አፑ ካርታ ላይ የምታሳየው ምልክት።

ምልክቱ የተተከለው ለሹፌር ነው። ተሳፋሪው አያነበውም። ተሳፋሪው ባር ውስጥ ቆሞ፣ በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ፣ ስልኩን አውጥቶ ይጠራል። ስልኩ ደግሞ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን ይሳሳታል፤ ፒኑ ከሕንፃው ጀርባ ጠባብ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ወይም ከአቬኑው ማዶ። እኔ ዞኑ ውስጥ በሕግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስልክ ይደወላል።

«የት ነህ?»

«ዞኑ ውስጥ፣ ነጭ ካምሪ፣ ምልክቱ ሥር።»

«አየሁህ፣ ማዶ ነኝ። ዞረህ ና።»

ዞረህ ና! ያንን ለመዞር ሰርክሉ ድረስ ወጥቶ መመለስ አለ። እሱ ቢሻገር አርባ እርምጃ ነው። ግን አይሻገርም፣ ምክንያቱም ከፍሏል። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የመጠበቂያ ሒሳብ መቁጠር ይጀምራል፣ እሱም በሳንቲም ነው። ስለዚህ ግማሹ ሹፌር ምን ያደርጋል? ዞኑን ትቶ ተሳፋሪው ያለበት ሄዶ ደብል ፓርክ ያደርጋል። ዞኑ ባዶ፣ መንገዱ ዝግ። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ልመናዬ ይቺው ነች፤ ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ልጅ ያላችሁ ንገሩልኝ። ከመጥራታችሁ በፊት ከቤቱ ውጡ። ፒኑን በጣታችሁ ጎትታችሁ ምልክቱ ጋ አድርጉት። ሰሌዳ ቁጥሩን አይታችሁ ግቡ፣ ነጭ ካምሪ እኮ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ሰባት አለ። በቀኝ በር ውረዱ።

ሌላው የምልክቱ አተካከል ነው። አንድ ብረት ላይ አራት ምልክት ይደረደራል። ከላይ ጠዋት ከ7 እስከ 9:30 እና ከ4 እስከ 6:30 ማቆም ክልክል፣ መኪናው ተጎትቶ ይወሰዳል። ከሥሩ ቀን ቀን እየከፈልክ ሁለት ሰዓት። ከሥሩ የሎዲንግ ሰዓት። ከሁሉም ሥር የማታው ዞን። ቆሞ አንገቱን አቅንቶ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ካያችሁ ፓርኪንግ የሚያነብ ነው። በ8 ሰዓት እራት ሊበላ የመጣ ሰው በዚያ ሰዓት የተፈቀደለትን ያነባል፣ ከፍሎ ይገባል። 10 ሰዓት ያልፍበታል። ሲመለስ ትኬት፣ በባሰ ቀን መኪናውም የለም። እሱን ሰው አልፈርድበትም። መጀመሪያ አካባቢ እኔም ሦስተኛውን ምልክት አንብቤ አራተኛውን ሳላነብ ሄጃለሁ።

ከዞን ውጭ ስለ መቆም ደግሞ። ብስክሌት መስመር ላይ አትቁሙ። ቅጣቱ ድሮ 65 ዶላር ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ 150 ሆነ። እኔ የከፈልኩት ባዲሱ ዋጋ ነው። ጥፋቱ የኔው ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ዝናብ ነበር፣ ተሳፋሪዬ ሕፃን ይዛለች፣ «እዚህ ጋ ብቻ» አለችኝ፣ እኔም አንድ ደቂቃ አይፈጅም ብዬ ገባሁ። አንድ ብስክሌተኛ መጣ። ዝናብ ልብሱ ላይ ይወርዳል። አልጮኸም፣ መስኮቴንም አልመታም። ቆመና ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ወደ መኪናው መስመር አውጥቶ አውቶቡሱ ፊት ገባ። በኔ ምክንያት። ትኬቱ ከዚያች እይታ አይበልጥም፣ ግን 150 ዶላር 150 ዶላር ነው። የዚያ ቀን ሥራዬ ሄደ።

ባስ ስቶፕ ላይም እንደዚያው። ድሮ ፖሊስ ከሌለ ብለህ ትገባ ነበር። ከ2023 ወዲህ አውቶቡሱ ራሱ ካሜራ ይዞ ይሄዳል። ባስ ስቶፕ ወይም የባስ መስመር ላይ ቆመህ ካገኘህ ፎቶህን ያነሳል፣ 100 ዶላሩ በፖስታ ይመጣል። ከሰው ጋር ትለማመጥ ነበር፣ «ኦፊሰር፣ ልወጣ ነው» ትል ነበር። አውቶቡስን ምን ትለዋለህ?

ወደ ሎዲንግ ዞን ልሂድ። 9ኛ መንገድን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ከዩ ስትሪት አካባቢ የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት። መንገዱ ጠባብ ነው። የብስክሌት መስመር ከገባበት ወዲህ ደግሞ የሚቆምባት እያንዳንዷ ሜትር ተቆጥራለች። ጠዋት ሄዳችሁ ብታዩ ደስ ይላል። የእንጀራ ቫን ይመጣል፤ አሥር አሥር የታሸገ እንጀራ በፕላስቲክ ሣጥን ተደርድሮ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሮ፣ ሹፌሩ ሣጥኑን ደረቱ ላይ ደግፎ በጎን በር ይገባል። ከኋላው የቢራ መኪና፣ ከኋላው የሽንኩርት። ለነዚህ ነው ሎዲንግ ዞን የተሠራው። በነፃም አይደለም፤ በ2015 ክፍያው ሲጀመር ለአንድ የንግድ መኪና በዓመት 323 ዶላር፣ የቀን ፈቃድ ከሆነ ደግሞ 25 ዶላር ነበር። ሐሳቡ ልክ ነው። የሚከፍል ሰው ቦታ ያገኛል፣ የሚጭን ሰው ጭኖ ቶሎ ይሄዳል።

ግን ማን ቆሞበታል? የኛው ሰው። ማኪያቶ ሊጠጣ። «ወዲያው ልወጣ ነው» ብሎ ገብቶ ፖለቲካ ሲጀመር ወዲያው የሚባለው ነገር የለም። የእንጀራው ልጅ ሣጥኑን ተሸክሞ ከማዶ እየተሻገረ ነው የሚያስገባው፣ ያውም ለዚያው ሰውዬ ለምሳ የሚቀርበውን እንጀራ። ሦስት ኮከብ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ሕጉ ሳይሆን እኛ ነን ሁለቱን የቀነስነው። ከተማው በ2019 በጥቂት ቦታዎች የሚጭኑና የሚያወርዱ ሰዎች ከርቡን በአፕ አስቀድመው እንዲይዙ ሞክሮ ነበር። ያ ነገር 9ኛ መንገድ ላይ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰውዬ አፑን እስኪያወርድ ቦታው ይለቀቃል።

ኡበርም ሎዲንግ ዞን ላይ መብት የለውም። «የንግድ ሥራ ነው የምሠራው» ብለህ ብትከራከር ሰሌዳህ የግል ነው፣ ምልክቱ የሚለው የንግድ መኪና። ባለፈው አንዲት እናት ከዚያ ሰፈር ጫንኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁለት ከረጢት እንጀራ፣ አንድ ትልቅ ጀበና በጋዜጣ የተጠቀለለ።

«ልጄ፣ እዚችው በሩ ላይ ቁምልኝ፣ ጉልበቴ አይችልም።»

«እማማ፣ እዚህ ካቆምኩ ይቀጡኛል። ጥግ ላይ ላቁምና እኔ ልምጣ፣ እኔ እሸከመዋለሁ።»

«ውይ፣ እግዜር ይስጥህ። አገር ቤት ቢሆን እኮ መሀል መንገድ ላይ አቁመህ ቡና ትጠጣ ነበር።»

አልዋሸችም። ጀበናውን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ክንዴን ያዘች። አምስት ኮከብ ሰጠችኝ፣ ቲፕ ደግሞ በእጄ፣ «እምቢ እንዳትል» ብላ። እምቢ አላልኩም።

አሁን ቫሌት። ይሄን ስጽፍ ሆዴ ይባባል፣ ምክንያቱም ሥራው ሩጫ ነው፣ ልጆቹንም አውቃቸዋለሁ። የማያውቅ ካለ፦ የመኪናው መረካከቢያ ትኬት ሦስት ቦታ ይቀደዳል። አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ ከቁልፉ ጋር ይታሰራል፣ አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ። ቁልፉ ቆሞ በሚያስተናግደው ሰው ሣጥን ውስጥ ይንጠለጠላል። አንተ መኪናውን ይዘህ ጋራዥ ትነዳለህ፣ በእግርህ እየሮጥክ ትመለሳለህ። እራት ሲያልቅ ሃያ ሰው አንዴ ትኬቱን ይዘረጋል፣ ሁሉም ይቸኩላል። ክረምት ላይ ጣትህ ቁልፉን አይለይም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሬስቶራንቱ ለቫሌት የከርብ ቦታ ከከተማው ፈቃድ ያወጣል፣ ምልክቱ ላይ ሰዓቱ ይጻፋል። ቦታው መቀበያና ማስረከቢያ ነው፤ መኪና ማሳደሪያ አይደለም። ይሄን ያህል ቀላል ነው። እኔ የሠራሁበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ያን ቦታ የመኪና ኤግዚቢሽን አደረገው። ፌራሪ ከመጣ በሩ ላይ ቆሞ ያመሻል፣ ቤቱ ትልቅ ቤት እንዲመስል። ባለ ቶዮታው ጋራዥ። ከዚያ ቦታ ያንስና ሥራ አስኪያጁ ብርቱካናማ ኮኖች ያመጣል። «ሁለቱን እዚያ ጋ አድርግ» ይለኛል። እዚያ ጋ ማለት ያልተፈቀደልን የሕዝብ ፓርኪንግ ነው። አደረግኩ። ሥራዬ ነው። አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ኮኑን አነሳ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ይሄ ያንተ ነው፣ ቦታው የኔ ነው» ብሎ ፓርክ አደረገ። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ጀርባ እያየኝ ነው። ኮኑን ይዤ ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

አሁን ያው ኮን ከሌላው ጎን ይገጥመኛል። ዞን ይኖራል፣ ተሳፋሪ ይጠብቃል፣ ጥግ ላይ ደግሞ የማንም ያልሆነ ኮን። የቫሌት ልጁ ከኮኑ አጠገብ ቆሟል፤ አበሻ ነው። እናውቃለን ሁለታችንም። ክላክስ አላደርግበትም። ጭንቅላቴን ብቻ ነቅነቅ አደርጋለሁ፣ እሱም ኮኑን በእግሩ ገፋ ያደርግልኛል፣ እኔ ሁለት ደቂቃ እገባለሁ፣ ስወጣ መልሶ ይገፋዋል። ሁለቱ ኮከብ ለዚያ ልጅ ናቸው እንጂ ለቤቱ አይደሉም።

ባለፈው አርብ፣ ሌሊት 2:50። መዝጊያው ሊደርስ ነው፣ ተሳፋሪዬ ለአንድ ጊዜ እንኳ ፒኑን በትክክል ምልክቱ ሥር አድርጓል። ደስ ብሎኝ ስገባ ዞኑ ሙሉ ነው። አራቱ የኛው ናቸው፣ ሰው እየጫኑ። አምስተኛው ሞተሩ ጠፍቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል። የሆነ ባለ ሀብት ለእራት አቁሞት ረሳው ብዬ ተናደድኩ፣ ወርጄ ፎቶ ላነሳው ሄድኩ። መስኮቱን ሳይ ወንበሩ ተኝቷል፣ ሰውዬውም ተኝቷል። ዳሽቦርዱ ላይ የኡበር ምልክት፣ መስታወቱ ላይ መስቀል። አንኳኳሁ።

«ወንድሜ፣ ሰው ልጭን ነው፣ ትንሽ ፈቀቅ ትልልኝ?»

«ውይ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ከጠዋት ጀምሮ እየነዳሁ ነው፣ ሸለብ አደረገኝ።»

«ኧረ ችግር የለም።»

ሞተሩን አስነሳ። ፈቀቅ አለ። ሃያ ሜትር ሄዶ ባስ ስቶፑ ላይ አቆመና ወንበሩን መልሶ አስተኛው።